የጋራዡ ጆሮ

አባቷ መኪናን በጆሮው የሚመረምር መካኒክ ነበር። ሞተሩ ተነስቶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ኩሽኔታ ነው» ወይም «ቫልቩ ነው» ይልና ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። ደንበኞቹ «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል። ሌላ ጋራዥ አልፈው እሱ ዘንድ የሚመጡትም ለዚህ ነው።

ሴት ልጁ አብራው ትሠራለች። ዘይት መጥረጊያ ከእጇ ስለማይለይ «ጨርቄ» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። ጨርቁ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም ልብ አላለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቷ ከጎማ የሚመጣን ድምፅ «ካምቢዮ ነው» ብሎ ሙሉውን ካምቢዮ አስወረደ። እሷ ያኔ ነቃች። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ይሰማል፤ ቀጭኑ የብረት ድምፅ ግን ጠፍቶበታል። በማግስቱ ሌላ መኪና ሲመጣ ድምፁ የሚወጣበትን ቦታ በጨርቋ ትጠርግ ጀመር። አባቷ ወደ ጨርቁ ተመለከተ፤ ከዚያም ቦታውን በትክክል ተናገረ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሠሩ። ስለ ነገሩ ግን አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

በሰፈሩ ዳር ክሊኒክ የሚያካሂዱ የካቶሊክ ሲስተሮች ሚኒባሳቸውን ሊያስጠግኑ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ልጅቱ መኪናውን ነድታ አደረሰችላቸው። ጸሎት ላይ ስለነበሩ ቁልፉን የሚረከባት አጣችና የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በልጅነቷ ካቶሊክ ሆና ተጠምቃለች እንጂ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ቁልፉን ካስረከበች በኋላም ለመነሳት አልቸኮለችም። በሚቀጥለው እሑድ ያለ መኪና መጣች። እቤት ስትጠየቅ «ዕቃ ላፈላልግ ነው» ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት ሲስተር ለመሆን፣ እጩ ሆና ወደ ማኅበሩ ለመግባት ጠየቀች። የማኅበሩ አለቃ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ አጭር ሴት ናቸው።

«እቤትሽ ያልተነገረ ነገር አለ?» አሏት።

«እዚህ መምጣቴን አያውቁም።»

«ሌላስ?»

«አባቴ አይሰማም። እኔ ነኝ የምሰማለት።»

«እሱስ ማወቅሽን ያውቃል?»

«አናወራውማ!»

«እንግዲያስ ሂጂና አውሩት» አሉ አለቃዋ። «አንቺን የምቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።»

በዚያው ምሽት ራት ላይ ሁለቱንም ተናገረች። እናቷ ውኃ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጣ እንደገና አነሳችው።

«ሲስተር? አንቺ? መፍቻ ይዘሽ መኪና ሥር የምትተኚው? ወይኔ ልጄን! ምን አዞሩባት!»

ለመጎብኘት የመጣችው አክስቷ «ጨርቄ ጨርቋን ጣለች በሉኛ!» ብላ ሳቀች። የሳቀላት ግን አልነበረም።

አባትየው ተነስቶ ወደ ጋራዡ ወጣ፤ ሲመለስ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዟል። ከፊቷ አኖረው። ውስጡ የጆሮ መርጃ መሣሪያ ነበር፤ የባትሪዎቹ ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ሐኪሙ ያዘዘልኝ። ያን ካምቢዮ ያወረድኩ ሰሞን።»

«ያኔ? እና እስከ ዛሬ…»

«በነጋታው ጨርቅሽን ድምፁ ላይ አሳረፍሽልኝ።» ጠረጴዛውን እያየ ነው የሚናገረው። «ይሄን ጆሮዬ ላይ ካደረግኩ ትሄጃለሽ አልኩ። ወዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ትሄጃለሽ አልኩ።»

እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። እሷም ስለ መሣሪያው አልሰማችም ኖሯል። አክስቷ ነጠላዋን እያነሳች «ልሂድ መሰለኝ» አለች፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ልጅቱ ሳጥኑን ብድግ አድርጋ ዘጋችው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። በሱ ጆሮ ምክንያት ስንት ነገር ትታለች! ሌላ ከተማ የተሰጣትን ሥራ፣ ሊያገባት የመጣውን ሰው፣ ከሲስተሮቹ ጋር ልትኖርባቸው የምትችለውን እነዚህን ሁለት ዓመታት።

ሲነጋ ልብሷን በሻንጣ ከታ ሲስተሮቹ በር ላይ ቆመች።

«ነግሬያለሁ። ዛሬውኑ ልግባ።»

አለቃዋ ሻንጣውን አዩ፤ ፊቷን አዩ። የሆነውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «አልቀበልሽም» አሉ።

«እንዴ! የጠየቁኝን አድርጌያለሁ እኮ!»

«አድርገሻል። ግን ዛሬ የመጣሽው እዚህ ለመግባት አይደለም፤ ከዚያ ቤት ለመውጣት ነው። ተመለሺ። ለምን እንደምትመጪ ስታውቂ ነይ።»

በሩ ተዘጋ። ሻንጣዋን እንደያዘች መንገዱ ላይ ቆመች፤ ለማለፍ ጥሩምባ የነፋባትን መኪና እንኳ አልሰማችም። መሄጃ አልነበራትምና ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

አባቷን መሣሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ አገኘችው። አንድ ባለታክሲ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ጆሮህ ላይ ምን በቀለ?»

«መስማት ካቆምኩ ቆየሁ። መኪናህን እስከ ዛሬ የሰማችው እሷ ናት።»

ባለታክሲው ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኑን አንከራተተ። «ትቀልዳለህ! እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ በጆሮህ ምያለሁ!» ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ እንደገና አስነሳው። «በይ እሺ፣ ስሚልኝ» አላት።

ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ዳግም አልመጡም። መሣሪያው በአባትየው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ የቆርቆሮ ጩኸት አደረገበት፤ ሚስቱ ስትጠራው ይበረግጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባትና ልጅ ከመፍቻ ቁጥር በቀር አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ግን በሰው ፊት ጮክ ብሎ «ይሄ ድምፅ ከየት ነው?» ሲል ጠየቃት። ደነገጠች፤ ጠይቋት አያውቅማ። ነገረችው። በማግስቱም ጠየቀ። ቀስ በቀስ ራሱ መለየት ጀመረ፤ ሲሳሳትም ትስቃለች፣ እሱም ይሳደባል። ቁጣዋ መቼ እንደለቀቃት አላወቀችም። እሑድ እሑድ ወደ ሲስተሮቹ መሄዷን አላቋረጠችም፤ አሁን ግን የት እንደምትሄድ ተናግራ ነው።

ዓመቱ ሳይሞላ አለቃዋን እንደገና አናገረቻቸው። ሻንጣ አልያዘችም።

«ለምን መጣሽ?»

«አሁን እቤት መቅረትም እችላለሁ» አለች። «የሚከብደኝ ነገር የለም፤ አባቴም አይዘኝም። ግን እዚህ መሆን እፈልጋለሁ።»

አለቃዋ ሻንጣ ያልያዘ እጇን አዩና «መቼ ትመጪያለሽ?» አሉ።