የተሰደብኩት በከለር ነው

«ያንን ቪዲዮ አስጠፊና ነይ፤ እስከዚያ ባንኮኒው ጋ እንዳላይሽ!»

ይህን ያለኝ ፒያሳ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓመት የቆምኩለት ባለሱቅ ነው። አንዲት ደንበኛ ለማስጠበብ የሰጠችንን ቀለበት ስትረከብ «የኔ አይደለም» አለች። እሱ ራሱ ፊቷ መዝኖ ከደረሰኙ ጋር አመሳከረው፤ የራሷ ነበር። በማግስቱ ግን ቲክቶክ ላይ ፊቴን ለጥፋ «የፒያሳዋ ቀለበት ለዋጭ» አለችኝ። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እኔን ያባረረኝ፣ ጀግናው!

ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ቪዲዮውን ሁለቴ አየና «ይሄ በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ» አለ። ቀጥሎ «ደግሞ አምሮብሻል» ብሎ ሳቀ። ለዚህ ነው ማዕረግ የሰጡት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ብቻ ቁም ነገር ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ሳታሳትሚው እንዳታስጠፊው። ዳኛው ምን አይቶ ይዘዝልሽ? ከነጽሑፉ፣ ከነአስተያየቱ ይታተም። እንዲወርድ፣ እሷም እዚያው ውሸት ነው እንድትል እንጠይቃለን።»

ስድስት ኪሎ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሰውዬው እያንዳንዱን ገጽ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ አነበበ።

«እህት፣ በጥቁርና ነጭ ይሁን በከለር?»

«የተሰደብኩት በከለር ነው።»

ክሱ ተከፈተ። መዝገብ ቤት መጥሪያዎቹን በእጄ ሰጥተው ራስሽ አድርሺ አሉኝ። አድራሻዋን ሳፈላልግ ባለሱቁ ደወለ፦ «ነይ፣ ነገሩ አልቋል።»

ስደርስ ሴትዮዋ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ማኪያቶ ትጠጣለች። ስልኳን አዞረችልኝ።

«ይኸው አጠፋሁት። ደስ አለሽ?»

«ውሸት ነበር ብለሽስ ተናገርሽ?»

«ውይ! ተከታዮቼ ምን ይሉኛል?»

ወደ ባለሱቁ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ መዝነውት የለ? ይንገሯት እንጂ።»

ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሷ ደንበኛዬ ናት፣ አንቺም ልጄ ነሽ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉና ሥራሽን ጀምሪ።» የመስታወት ሳጥኑን ቁልፍ በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከክላሴሬ የእሷን መጥሪያ አውጥቼ ማኪያቶዋ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«መጥሪያ። ቅጂው ላይ ፈርሚልኝ።»

«አጠፋሁት እኮ!»

«እኔ ጋ አለ፣ በከለር። ጋሼ፣ እርስዎም ምስክር ተብለው ተጠርተዋል፤ የእርስዎ ይኸውልዎ።»

እስኪፈርሙ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቁልፉን መልሼ ገፋሁለትና ወጣሁ።