አባቴ ያልሰማው መኪና

ኤሌክትሪክ መኪና ማንንም አይረብሽም ይላሉ። ይረብሻል። ወንድሜ ለዓመታት ሲነዳው የኖረው ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና እያጓራ ግቢያችን ሲገባ የሚያስደነግጠው ዶሮዎችን ብቻ ነበር። ድምፅ የለውም የተባለው አዲሱ መኪና ግን በመጣበት ቀን ቤታችንን አመሰው፤ እስከ ዛሬም አልረጋንም።

አስቀድሜ ልናገር፤ ለነዳጅ መኪና የማለቅስ ሰው አይደለሁም። መኪና የለኝም። ወልቂጤ ከተማ አስተምራለሁ፤ ከቤቴ እስከ መማሪያ ክፍሌ የምሄደው በእግሬ ነው። ቸሃ ገጠር ያለው አባቴ ዘንድ የምሄደው በሚኒባስ ነው፤ የቀረውን ዳገት ደግሞ በእግሬ እወጣዋለሁ። ስለዚህ ከነዚያ ትላልቅ መኪኖች አንዱ ማደያ በር ላይ ሁለት ቀን ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ካርቶን አንጥፎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን አይበላኝም። ትናንት ጭቃ እየረጨብኝ ያለፈ ሰው ነው። ዛሬ ከባጃጅ ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ መንገዴን በዚያ በኩል አደርጋለሁ። ሰላምታም አልነፍገውም፤ "እንዴት ነው፣ ደረሰህ?" እለዋለሁ።

እነዚህ መኪኖች ለምን እንደተገዙ ማወቅ ይገባል። ለመንገዱ ነው የሚል ካለ በመስቀል ሰሞን ጀፎረ ላይ ቆሞ አያውቅም። ጀፎረ በመንደራችን ቤቶች መካከል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥጃ ይግጥበታል፣ ሽማግሌ ይሸመግልበታል። መስከረም ሲጋመስ ግን አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ነግዶ የሚኖረው ልጅ ሁሉ በዚያ በኩል ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ ሲገባም መሰማት አለበት። ሚኒባስ ሲመጣ ቀና የሚል የለም። ስምንት ሲሊንደር ከታች ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያያዘው ግን ሰው ክትፎውን ትቶ ይወጣል። ከሚቃጠለው ቤንዚን ግማሹ መኪናውን ሲነዳ ግማሹ የባለቤቱን ስም ይነዳል። ይህን ሳያውቁ ስለ ሊትርና ስለ ኪሎ ሜትር የሚያሰሉ ሰዎች ያስቁኛል።

የአባቴን ዓይኖች የሞራ ግርዶሽ ከጋረዳቸው ቆይቷል። ጆሮው ግን በዕድሜ እየተሳለ የሄደ ይመስለኛል። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ፣ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ፣ ወንድሜ ድልድዩ ላይ ሲደርስ "ሦስተኛ" ይል ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ "አሁን ሁለተኛ ማርሽ አስገባ።" ከዚያ ጋቢውን አስተካክሎ ይነሳል፤ ጎረቤቱም አብሮት ይነሳል። እኔ በእግሬ ስደርስ ደግሞ "ማነው?" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ "ማነው?" ተብዬ ነው የገባሁት። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ዕለትም ያለው "ማነው?" ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ነጋዴ ነው፤ ስሜት አያሸንፈውም። ወረፋው ሲመረው፣ የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባትም ሲከለከል፣ ትልቁን መኪና ቡታጅራ ላለ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሸጠና ኤሌክትሪክ ገዛ። ባለፈው መስቀል የመጣው በዚሁ ነው። አመጣጡም ለበዓሉ ብቻ አልነበረም። ቡታጅራ ያለ አንድ የዓይን ሐኪም አባታችንን ቀደም ብሎ አይቶት፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ማየት እንደሚችል፣ ከቆየ ግን ነገሩ እንደሚከፋ ነግሮን ነበር። ወንድሜ ከበዓሉ በኋላ ላለው ሳምንት ቀጠሮ አስይዞ፣ ወጪውን ሁሉ ችሎ ሊወስደው ነው የመጣው። አባቴም እሺ ብሎ ነበር።

እኔ ቀድሜ ደርሻለሁ፤ የተለመደውን ጥያቄም ተጠይቄያለሁ። መኪናው በጀፎረው ላይ እንደ ጥላ ተንሸራቶ ሲመጣ ሣሩ ላይ የተኛች ፍየል እንኳ አልተነሳችም። ወንድሜ ጡሩንባውን ነካ አደረገላት።

"ባጃጅ ይዞ የመጣው ማነው?" አለ አባቴ።

ወንድሜ ወርዶ ጉልበቱን ሳመ። "አባ፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ? በምን መጣህ?"

"በመኪናዬ።"

"ድምፁ የታለ?"

"ድምፅ የለውም አባ። በባትሪ ነው የሚሄደው።"

"እንደ እጅ ባትሪ?"

"እንደዚያ በለው።"

"ትልቁስ?"

"ሸጥኩት።"

በእኛ መንደር ነጋዴ መኪናውን ሸጠ ማለት አንድ ነገር ማለት ነው። ግቢ ውስጥ የነበረው ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ወንድሜ አባቴን እጁን ይዞ ወስዶ የመኪናውን የፊት ክዳን አስዳበሰው። አባቴ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ።

"ኤሌክትሪክ እኮ እንደዚያኛው አይግልም አባ።"

"ከአዲስ አበባ እስከዚህ የመጣ ሞተር ይቀዘቅዛል?" እጁን በጋቢው ጠረገ። "ቆሞ የሰነበተ ብረት ነው ልጄ። ግድ የለም። ግባ።"

"ጋሼ፣ ይሄን ነገር ማታ ራስጌህ ነው የምትሰካው ወይስ ኪስህ ይገባል?" አለ አንድ የአጎታችን ልጅ። ሁሉም ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንድሜ በመስኮት ገመድ ስቦ መኪናውን ሲሰካው የቤቱ መብራት ደከመ። ከአባቴ ጋር የምትኖረው እህታችን "ኧረ የቤቱን መብራት ሊጨርሰው ነው!" ብላ ጮኸች። አባቴ ይህንንም ሰማ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የበዓሉ በሬ ሳይታረድ፣ እንሰቱ መሃል ጠራኝ።

"አንተ መጽሐፍ ታነባለህ" አለኝ። "ጠማማ ነህ እንጂ አትዋሽም። ወንድምህ ከስሯል?"

በሃያ ዓመት ውስጥ ምክሬን ሲፈልግ የመጀመሪያው ነው። "አልከሰረም" ማለት አንድ ቃል ነበር። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ አዲሱ መኪና ከተሸጠው ይልቅ ውድ እንደሆነም አውቃለሁ።

"አባ" አልኩት፣ "እሱ ራሱ ቢነግርህ አይሻልም?"

አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ከዚህ የተዋጣ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም። አባቴ ራሱን ነቀነቀና የእንሰቱን ግንድ ተደግፎ ትንሽ ቆመ። እኔም ቆሜ አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር።

የእኛ ሰው የወደቀ ነጋዴን ያነሳል ይባላል። ይህኛው እውነት ነው። የማይወራው የሚነሳው ሰው ዕጣ ነው፤ መጀመሪያ በሁሉም ፊት መውደቁን ማመን አለበት። በሬው ዙሪያ ሰው ሲሰበሰብ አባቴ እጁን ዘርግቶ መረቀ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰላሙ መርቆ ሲጨርስ "ልጄ ወድቋል" አለ። "የወሰደበት ይመልስለት።"

"አሜን!" አለ ሰው።

"አባ፣ ኧረ እኔ አልወደቅኩም!"

"የወደቀ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው" አሉ ጎረቤታችን፣ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሽማግሌ። "እኔም ስወድቅ ያልኩት ይህንኑ ነው። አይዞህ።"

"መኪናው እኮ ይኸው ቆሟል! እናንተ ሰዎች፣ የስንት ብር መኪና መሰላችሁ?"

"አይዞህ አልንህ እኮ።"

ከሰዓት በኋላ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ ተሸክመው ይመጡ ጀመር። አንዲት ባልቴት ጊደራቸውን ጎትተው አምጥተው የመኪናው በር እጀታ ላይ አሰሩለት። እንዲህ ያለ ስጦታን እምቢ ማለት ነውር ነው። በዚያ ዓመት ከሁላቸውም የተሻለ ያተረፈው ሰው፣ የድሆችን ቅቤ ገና የፋብሪካ ሽታው ያለቀቀው ወንበር ላይ እየደረደረ "እግዜር ይስጥልኝ" ሲል ዋለ። እኔ ከጓሮ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሳቄን የቆረጠው አባቴ ነው። እራት ላይ ወንድሜ ስለ ቀጠሮው አነሳ።

"አልሄድም" አለ አባቴ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ከወደቀ ልጅ እጅ ለዓይኔ አልቀበልም። ያለችህን ይዘህ ሱቅህን መልሰህ አቋቁም። አንተ ስትነሳ ያኔ እታከማለሁ።"

"ያኔ እኮ ላይድንልህ ይችላል!"

"እስከ ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል።"

ቀልዴ የአባቴን ዓይን እንደሚያስከፍል አላሰብኩም ነበር። አስቤ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ግን ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በነጋታው አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

"አባ፣ አልከሰረም። እንዲያውም ሀብታም ነው። ስለ መኪናው የነገረህም እውነት ነው።"

"ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ቀንቼበት።"

ሳቀ። "አንተ? አንተ ምን ያስቀናሃል?" ከዚያ ፊቴን በሁለት እጁ ዳበሰ። "ለወንድምህ ስትል ራስህን ታዋርዳለህ። እንደዚህ ጥሩ ልጅ መሆንህን አላውቅም ነበር። ተባረክ።"

ስመኘው የኖርኩትን ምርቃት ያገኘሁት በዚያች ቀን ነው፤ ያገኘሁትም እውነቱን ስናገር ውሸታም መስዬው ነው።

መላ የመታው ወንድሜ ነው፤ ትልቁን መኪና አምጥተን እናሰማው አለ። በኤሌክትሪኩ በተራራው መንገድ ወደ ቡታጅራ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ወንድሜ ዓይኑን ከባትሪው ቁጥር ላይ አልነቀለም። ቁልቁለት ሲሆን "አየህ፣ እየወረድን ይሞላል" ይለኛል። የነዳጅ ባለመኪና የሚፎክረው በሚያቃጥለው ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለመኪና ደግሞ በማያቃጥለው። ፉከራው ያው ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ቢያንስ ከሩቅ ስለሚሰማ መሸሽ ይቻላል።

የበርበሬው ነጋዴ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ተቀበለን። የመጣንበትን ስንነግረው ወደ ግቢው ጥግ ወሰደንና ሸራ ገለጠ። ሁለት ዶሮዎች ከመኪናው ሥር ወጡ።

"ይኸውላችሁ" አለ። "ወላሂ፣ ከስድስት ልጆቼ ይበልጥ ይበላል። እነሱ እንኳ አንዳንዴ ይላካሉ።"

"ለሁለት ቀን አውሰኝ" አለው ወንድሜ።

"ውሰደው። ባትመልሰውም አልቀየምህም።"

ኤሌክትሪኩን እዚያ ትተን፣ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን ገዝተን ተነሳን። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቷል፤ ከስምንቱ ሲሊንደር አንዱ አይሠራም። ተራራው ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብን። ሁለተኛው ላይ ክዳኑን ከፍተን ቆመን ሳለ እንጨት የጫኑ አህዮች ጥለውን አለፉ፤ ነጂያቸው "ሣር ላምጣለት?" አለን። ወንድሜ ክዳኑን በኃይል ዘጋው። የመንደራችን ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን ፊቱ በራ። ማርሽ ቀንሶ እንደ ድሮው ረገጠው። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። እህታችን በኋላ እንደነገረችን "ሦስተኛ" ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሁለተኛውን ሳይጠራ ግን ጆሮውን አዘነበለ።

"ሰማኸው አባ?" ወንድሜ እየሮጠ ወረደ።

"ሰማሁት። ያነክሳል።"

"ትንሽ አርጅቶ ነው።"

"ልጄ ከብቱንም መኪናውንም እንደዚህ አድርጎ አይዝም። ይሄ የሰው ነው።" ፊቱን እኔ ወዳለሁበት መለሰ። "አንተ፣ ተውሳችሁ ነው አይደል?"

መዋሸት አቃተኝ። ለመዋሸት ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም፤ እሱኑ አላወቅኩበትም። 

"አያይም ብላችሁ ለአባታችሁ መኪና ተውሳችሁ መጣችሁ" አለ። "እስከዚህ ድረስ ነው የወደቅነው?" ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ገባ። ሰውም አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ተበተነ።

ቀጠሮው አለፈ። ወንድሜ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ቆይቷል። አባቴ ነው የነገረው፤ "ወንድምህ እኮ ለአንተ ሲል በራሱ ላይ ይዋሻል፣ ቀናሁበት አለኝ" ብሎ እያመሰገነኝ። ወንድሜ ነጋዴ ነው፤ ቅናቱ እውነት መሆኑ ወዲያው ገባው። ሐኪሙ ሌላ ቀን ሰጥቶናል፤ ይህም ካለፈ ተስፋ እንዳናደርግ ተናግሯል።

አባቴ የእኔን ቃል አይቀበልም፣ የወንድሜንም አይቀበልም፣ የመንደሩ ሰው ደግሞ አዝኖልን ነው የሚናገረው ይላል። የሚያምነው የማያውቀንን ሰው ብቻ ነው። እናንተ ወንድሜን አታውቁትም፤ ለእኔም፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ፣ የምታዝኑልኝ አይመስለኝም። በቸሃ መንገድ የምታልፉ ከሆነ፣ በምንም ኑ በምን፣ በሩ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ስታዩ ቁሙና "ልጅዎ አልከሰረም፤ ሄደው ይታከሙ" በሉት።