የሰዓዳን ደም ደሴ የማደርሰው እኔ ነበርኩ

አላምንም። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ተራዬን እየጠበቅኩ ስልኬ ጠራ። «ሰዓዳ አረፈች» አሉኝ። «የቷ ሰዓዳ?» አልኩ እንደ ሞኝ። ከእሷ ሌላ የማውቃት ሰዓዳ የለችም።

ለማታውቋት፣ የኮምቦልቻ ጎረቤቴ ናት፤ የፋብሪካ ሠራተኛ። ኩላሊቷ ሲከዳት ታላቅ ወንድሟ ሰይድ የራሱን አንዱን ሰጣት። ኩላሊቱን ሰውነቷ እንዳይገፋው የምትውጠው መድኃኒት ግን ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ስለዚህ ቤቷ ቁጭ ብላ ጣቷን ትወጋና ደሟን ወረቀት ላይ ታንጠባጥባለች። ሲደርቅ ፖስታ ውስጥ ታሽገዋለች። እኔ በሚኒባሴ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ላለች ነርስ አስረክባለሁ፤ ነርሷ ለምርመራ ትልከዋለች።

«እኔ ሳላውቅ ሰውነቴ የሚገባ በሽታ የለም!» ትለኝ ነበር ፖስታውን በመስኮት እያቀበለችኝ። እጅ አትጨብጥም። የተቀየመ ይቀየም።

አንዴ ጋቢና የተቀመጠ ሰውዬ ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ ሰምቶ «የሰው ደም ይዘህ ነው ዳገት የምትወጣው? አውርደኝ!» አለኝ። ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አብሽር፣ በሱ ቦታ ወፍራም ሰው ጫንበት» አለች።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ደሟን እያፈሰሰች ጨረሰችው፣ የወንድሟንም ኩላሊት አባከነችው» የሚል ሰማሁ። ሰይድ እየሰማ! አንገቱን ደፍቶ እየሰማ!

ኧረ አላህን ፍሩ! የጣት ጫፍ ጠብታ እኮ ናት። አምና ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት፣ ሥራዋን እየሠራች ሳለ ሰውነቷ ውስጥ ቫይረስ መነሣቱን ያጋለጠው ያ ወረቀት ነው። አልጋ ላይ ሳይጥላት ሐኪሞቹ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ነው የልጇን ኒካህ ያየችው። እልል ስትል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፤ ዛሬ የሚያወሩትም ጭምር።

የወሰዳት ልቧ ነው። ጠዋት ከመናኸሪያ ሆስፒታል ሮጬ ሐኪሙ ለሰይድ ሲነግረው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሌላ የሚያወራ ካለ እኔ ጋ ይምጣ፣ ሰይድን ይተወው።

ደግሞም አላቆምም። ኩላሊት ያስቀየረ፣ ወረቀቱን ደሴ የሚያደርስለት ያጣ ሰው ካለ ይደውልልኝ። ፖስታውን ጋቢና ነው የማስቀምጠው!

ሰዓዳዬ፣ አላህ ጀነቱን ይወፍቅሽ። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልሰማሽምና ልንገርሽ፤ የሰይድ ኩላሊት እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽሽ ሲሠራ ነበር። አደራ አልበላሽም። ቀና ብለሽ ሂጂ።