የአዘዞው ባዘቶ

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የልጅ ልጄ በስልኳ አንድ ስስ ነጭ ጨርቅ አሳየችኝ። «እማማ፣ ይሄ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ የፕላስቲክ ክር ነው የተሠራው። ዛሬ ፋብሪካዎች በጥቅል በጥቅል ያመርቱታል» አለችኝ። ጓድ መርዕድ ትዝ አለኝና ሳቅሁ። የንቀት ሳቅ።

በደርግ ጊዜ አዘዞ አንድ ወርክሾፕ ነበር። ከሶቪየት የመጣ ማሽን የሟሟ ፕላስቲክ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ እየሳበ፣ እንደ ሸረሪት ድር እየፈተለ፣ ለአቧራ ጭንብል የሚሆን ጨርቅ ያወጣል። እትየ ዘውዲቱ፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ ትልቋ፣ «ባዘቶ» ትለው ነበር፤ ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ ይመስላላ። እኔ ገና በሙከራ ላይ ያለሁ ቅጥር ነኝ። አለቃችን ጓድ መርዕድ ካኪው ሁሌ የተተኮሰ፣ ጭንቅላቱ ግን እንደ አዲስ ዕቃ ያልተነካ ሰው ነበር።

በክረምቱ፣ ማሽኑን ያለማመደን ሩሲያዊ መምህር ወደ አገሩ ሳይሄድ፣ ክሩ ከሚወጣባቸው አፈሙዞች አንዱን ብቻ ከፍተን ትንሽ ትንሽ ስንሠራ ሸጋ ጨርቅ ወጣልን። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ።

«ሁሉንም አፈሙዝ ክፈቱ! በጥቅል እናምርት!» አለ ጓድ መርዕድ።

ከወገራ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ክሩ ገና ሳይወጣ አፈሙዙ ላይ እየደረቀ ደፈነው፤ ያመለጠውም ሻሻችን ላይ ይለጠፋል። አይከል ያለችው አክስቴ በበጋ ጥጥ ስትነድፍ እንዳይበርባት ወለሉን ውኃ ትረጨዋለች። እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይነሣ፣ እኔም ረጨሁ።

ጓድ መርዕድ ባልዲውን አየ። «ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት ውኃ? ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! እንግዶቹ ይሂዱ እንጂ፣ ለአብዮት ጥበቃ ነው የማስረክብሽ!»

በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባለው ቃል የተለጠፈችበት ሰው ማታ ቤቱ ለመግባቱ ዋስትና አልነበረውም።

«ምነው ጓድ!» አለች እትየ ዘውዲቱ። «እስቲ ማሽኑን ያስነሡት። እምቢ ካለ እኔንም አብረው ይውሰዱኝ፤ ለብቻዋ ይደብራታል።»

መኪኖቹ በር ላይ ደርሰው ስለነበር ምርጫ አልነበረውም፤ አስነሣው። ባዘቶው ሳይበጠስ፣ ሰፍቶ፣ እየተጠቀለለ ወረደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። «በዚህ ደረቅ አየር እንዴት ቻላችሁት?» ሲሉት፣ ያ እፍረት የለሽ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «አየሩን በሳይንሳዊ ዘዴ አርጥቤ ነው» አላቸው።

እንደሄዱ ጠራኝ። «ጓዲት፣ ስለ ውኃው ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ነገ ማን ይርጨው ታዲያ?»

«አንቺ ነሻ!»

«በይ አሻጥርሽን ቀጥይ» አለች እትየ ዘውዲቱ ከኋላዬ፣ እሱ እየሰማ።

ለዚያ ውኃ እሱ የምስጋና ወረቀት ተቀበለ፤ ግድግዳው ላይም ሰቀለው። የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ስሜም ይጻፍ አትይም ነበር?»

አይ ልጄ! ጓድ መርዕድ ስሜን ሊጽፈው አስቦ የነበረው ሌላ ወረቀት ላይ፣ ለአብዮት ጥበቃ በሚሄደው ላይ ነበር። ስሜ የትም ሳይጻፍ በእግሬ ቤቴ ገባሁ፤ ያን ቀን ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት አላማረኝም።