ፎቶዬ የጠራት ልጅ

ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ከእናቴ ጋር ሙዝ ስሸጥ የማላውቃት ልጅ መጥታ አቅፋ ሳመችኝ።

«እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነበር» አለችኝ። እኩያዬ ናት። ተራራው ላይ ካለው ከኦቾሎ መንደር ነው የወረደችው።

ስልኳን አሳየችኝ። ቴሌግራም ላይ በእኔ ፎቶና ስም «የሆቴል ሥራ አለ፤ መታወቂያሽን ላኪና መናኸሪያው ጋ ነይ» ተብላለች። እሷም ልካለች።

ፎቶውን አወቅኩት። ክረምት ላይ ሥራ ስፈልግ ለአንድ «ቀጣሪ» ከመታወቂያዬ ጋር የላክሁት ነው። ከዚያ መልስ ሳይሰጠኝ ጠፋ።

እኔ ለገዢ እንኳ ዋጋ የምናገረው አንገቴን ደፍቼ ነው። ፎቶዬ ግን ስንቱን ያናግራል!

«እኔ አይደለሁም፤ እኔንም አታለውኛል» አልኳት። ከፌስታሏ ነጠላ አወጣች።

«አባቴ ለቀጣሪሽ ስጪ ብሎ የሸመነው ነው።»

«መልሰሽ ውሰጂው» አልኳት።

«ይዤው ብመለስ ምን እለዋለሁ?» ብላ ሙዙ ላይ አስቀምጣው ወደ ኦቾሎ ወደሚመለሰው መኪና ሄደች።

ነጠላው ይኸው አጠገቤ ነው። ልለብሰው አልቻልኩም።

በፎቶዬ ሥራ አለ የሚላችሁ እኔ አይደለሁም። እባካችሁ መታወቂያችሁን አትላኩለት።

የእናንተስ ፎቶ ሳታውቁ ሰው ጠርቶ ያውቃል? ንገሩኝ፤ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኛል።