የማይዘረጋው ክንድ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጁባ፣ ካስተም ገበያ ናስትሮ ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ ጥቅሉን ከልባሱ ሲያወጣው ፀሐይ ያሞቀው የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ባለሱቁ ገርሞት «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ትገዛለህ ወይስ ታሸታለህ?» አለኝ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ናስትሮ ከእጄ አይጠፋም። የዚያን ቀን ግን ሽታው የወሰደኝ ወደ ሥራዬ ሳይሆን ሙኑኪ ሰፈር ወደነበረው ፓኪስታናዊ ጎረቤቴ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከአጎቴ ጋር በተከራየነው ግቢ አጠገብ ጄኔሬተር እየጠገነ ይኖር ነበር። በወጣትነቱ ለአገሩ ክሪኬት፣ ያንን የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ተጫውቷል። እሁድ ከሰዓት የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ይጠቀልልና ጀበል ከሚሉት ተራራ ሥር ባለው ሜዳ ከአገሩ ልጆች ጋር ይጫወታል። እኔም ከቸርች እንደወጣሁ ሱፌን ሳልቀይር ወደዚያው ነበር። ስለ ጨዋታው አንዳች አላውቅም፤ የምሄደው የእሱን ውርወራ ለማየት ብቻ ነው። ሌሎቹ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ያሽከረክራሉ። እሱ ግን ሮጦ ይመጣና ድንገት ቆም ይላል፣ ወገቡን ያዞራል፣ ክንዱ እንደታጠፈ ከጆሮው ኋላ ብቅ ይላል። ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ አይተሃት መሬት ነክታ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። መቺው አየር መትቶ ሲቀር ብቻዬን እስቅ ነበር። እንዴት አድርጎ ነው? ይህ ጥያቄ ዕረፍት ነሳኝ።

አንድ ቀን ጄኔሬተር ፈቶ ሲያጥብ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ፣ ጁባ አረብኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ነገረኝ።

«ደንቡ ክርን በውርወራ መሐል አይዘርጋ ይላል። የእኔ ከልደቴ ጀምሮ የታጠፈ ነው፣ ልዘርጋው ብልስ የት ይዘረጋል? ዳኞቹ ግን ፊልም አይተው ይዘረጋል አሉ። አታላይ ተብዬ ወጣሁ። አባቴ እንኳ አንድ ቀን ‹እውነቱን ንገረኝ› አለኝ። ኻላስ፣ በዚያ አበቃ።»

አንጀቴን በላው። እኛ ቸርች ደግሞ ለሰው ሲታዘን የሚደረገው ይታወቃል፤ ሐሙስ ማታ ፕሮግራም ላይ ተነስቼ የጎረቤቴን ክንድ የጸሎት ርዕስ አድርጌ ሰጠሁ። በሳምንቱ ወንጌላዊው ሁለት እህቶች አስከትሎ፣ ዘይት ይዞ ከች አለ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። «ሊባርኩህ ነው» አልኩት እንጂ ክንዱን ሊያቀኑለት እንደመጡ አልነገርኩትም።

ሻይ በወተት አቀረበልን። ወንጌላዊው ክርኑን ቀባና «ክንድ፣ በኢየሱስ ስም ተዘርጋ!» እያለ ይስበው ጀመር። ጎረቤቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አማርኛ አይችልም፤ ክንዱ ወዴት እየተጎተተ እንደሆነ ግን ገብቶታል። ቀስ ብሎ አስለቀቀውና «ሹክራን» ብሎ አመሰገነ። ሻያቸውን እስኪጨርሱ በትሕትና አስተናግዶ በር ድረስ ሸኛቸው።

ተመልሶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ያቺን ኳስ የሚወረውራት እኮ ይኸው መታጠፉ ነው» አለኝ። «ቢቀና ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ነበርኩ።»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ዘረጋ ስልህ እስከሚሄድለት ድረስ ነው።

«በል አንተ ራስህ ሞክረው። ዳኞቹ በእጃቸው ነክተውት አያውቁም።»

ያዝኩት። ክርኑ በዘይት ያሟልጫል። ሳብኩት፣ ጥቂት ሄደና ግጥም ብሎ ቆመ። «ጨምር» አለኝ። እግሬን አጽንቼ ጨመርኩ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አየህ?» አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

ያ ሰው ከአባቱ ጀምሮ ከማንም ያላገኛትን አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቀው። ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ያሳመምኩት መስሎኝ ደንግጬ፣ «አመመህ እንዴ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«አይ» አለና እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

በዚያው ክረምት ጠቅልሎ አገሩ ገባ፤ አምንሃለሁ ሳልለው።