ድንች የሌለበት ቪንዳሉ

እትዬ ፔርፔቱዋ ፖርቱጋሎች ለዘመናት የገዟት የሕንዷ ጎዋ ሰው ናቸው። ባላቸው በመርከብ ወጥቶ ሞምባሳ በዚያው ሲቀር፣ የእናታቸውን ድስትና ያንን ስለታም ምላሳቸውን ይዘው ቦምቤይ ገቡ። በባቡር ሠራተኞች መመገቢያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አበሰሉ። እኔ ያኔ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እሑድ ቪንዳሉ የሚባለውን የጎዋ ወጥ ስለሚሠሩ የእሑድ ፈረቃዬን ለማንም ቀይሬ አላውቅም። የአሳማ ሥጋ፣ ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ። በቃ።

አንድ ዓመት ሳክሴና የሚባል ወጣት የመመገቢያ ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ከሰሜን ሕንድ ተሾመልን። በመጀመሪያው እሑድ ሳህኑን በማንኪያ ሲያተራምስ ቆየና፣

«እትዬ፣ ድንቹ የታለ?» አለ።

«የምን ድንች?»

«ስሙ ላይ አለ እኮ! በሂንዲ ‹አሉ› ማለት ድንች ነው። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።»

«ሕፃኑም ተሳስቷል፤ አንተም ተሳስተሃል። ቃሉ የፖርቱጋሎች ነው፤ ‹ቪኛ ዳልዩስ›። ወይንና ነጭ ሽንኩርት ማለት ነው። አያቶቻችን አሳጥረው ጠሩት እንጂ ድንች የሚባል ነገር በአጠገቡ አልዞረም!»

«ሠራተኛው ግን ተታለልን እያለ ነው።»

ማንም እንዲህ አላለም።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ድስቱ እስከ አፉ ሞልቶ ጠበቃቸው። ከፈቱት። ድንች! ሳክሴና ራሱ ልጦ፣ ቆራርጦ ጨምሮበት ኖሯል። አልጮኹም። በጭልፋ አንድ በአንድ ለቅመው አወጡና፣ መረቁ እየተንጠባጠበ ቢሮው ድረስ ወስደው ጠረጴዛው ላይ፣ ፋይሎቹ መሃል ደረደሩለት።

«እንካ፣ ንብረትህ ነው።»

ግቢው በሁለት ተከፈለ። ከሰዓት በኋላ አባ አኔሎ ይፍረዱ ተባለ። ፖርቱጋልኛን እንደ ውሃ የጠጡት የሰማንያ ዓመት የጎዋ ቄስ ናቸው። መጡ፤ ሁለት ሳህን ቪንዳሉ በሉ፤ አፋቸውን ጠረጉ።

«ወይንና ነጭ ሽንኩርት ነው» ብለው ፈረዱ። «ወይኑን በኮምጣጤ የለወጥነው እኛ ነን። ድንች ግን ስሙ ውስጥ የለም።»

እትዬ ፔርፔቱዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳክሴናን ከላይ እስከ ታች አዩት። እሱ አንገቱን ደፋ። አባ ግን አልተነሡም። ወደ ሳክሴና ቢሮ በር ሰገግ ብለው፣

«ለመሆኑ ያ ድንች... ተደፋ እንዴ?» አሉ።

«አባ!»

«የተጠየቅኩት ስለ ቃሉ ነው ልጄ። ስለ ጣዕሙ ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ቄሱን ሦስት ሳምንት አኮረፏቸው። ከዚያ በኋላ ግን እሑድ እሑድ በሌላ ድስት ድንች ይቀቀል ጀመር። ሳክሴና ሁለቱን ሳህኑ ላይ የሚቀላቅለው ጀርባውን ለወጥ ቤቱ ሰጥቶ ነው። እኔም ጀርባዬን እንደሱ ሰጥቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።